ከጅማ ወደ ናይሮቢ፦ የሥራ ፈቃድ ሳይወጣ «መጀመሪያ ና» ለሚል ቀጣሪ ምን ይመለሳል?

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በሶፍትዌር ሥራ አምስት ዓመት የቆየሁ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተምሬ እስካሁንም ጅማ የምኖር ሰው ነኝ። አሁን የምሠራው የቡና ማሳዎችን መገኛ ነጥብ በስልክ በሚመዘግብ ሥርዓት ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ ስለሚጠይቅ፣ ሥራው በአካባቢያችን ተፈላጊ ሆኗል። ይሁን እንጂ ቅጥሬ በፕሮጀክት ስለሆነ፣ ፕሮጀክቱ ያለቀ ዕለት ደመወዙም ያልቃል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ናይሮቢ የሚገኝ አንድ የፋይናንስ ቴክኖሎጂ ድርጅት አራት ዙር ፈትኖኝ የቅጥር ደብዳቤ ላከልኝ። ደመወዙ ከግብር በፊት በወር 250,000 የኬንያ ሺልንግ ነው። ደብዳቤውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሰባተኛው አንቀጽ ነው። «ሠራተኛው ናይሮቢ ገብቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ድርጅቱ የሥራ ፈቃድ በማውጣት ረገድ ተገቢውን ድጋፍ ያደርጋል» ይላል። ደውዬ ስጠይቃቸው፣ «እናንተ ኢትዮጵያውያን ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ቲኬት ቆርጠህ ና፤ የቀረውን እዚህ እንጨርሰዋለን» አሉኝ። በቅን ልቦና የተናገሩት ይመስለኛል፤ ሆኖም ልቤ አላረፈም።

እናቴ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ከእኔ ሌላ አብሯት የሚኖር ልጅ የለም። ሄጄ በሁለት ወር ውስጥ ባዶ እጄን ከምመለስ ባልሄድ ይሻለኛል፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ዕድል ጅማ ድረስ መጥቶ በር የሚያንኳኳው በየዓመቱ አይደለም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምታውቁትን ብትነግሩኝ ውለታ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።


መንገደኛ፦

ወንድሜ፣ ብዙ አታስብ። እኔ የማውቃቸው ልጆች ሁሉ መጀመሪያ ገቡ፣ ከዚያ ሥራ ያዙ፣ ወረቀቱ በኋላ መጣላቸው። ፈቃድ እስኪወጣ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ቦታውን ለሌላ ያስረክባል። ድርጅቶች ለሰው አይጠብቁም።


እኅት ከናይሮቢ፦

መንገደኛ ያለው መንገድ ብዙ ሰው የሄደበት መሆኑን አልክድም፤ እኔም ሄጄበታለሁ፤ ስለዚህም ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት። ጅማ ተወልጄ ጂሬን አካባቢ ያደግሁ ስሆን ናይሮቢ ከገባሁ አራት ዓመት አልፎኛል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ እንደማይጠየቅ እውነት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የሚመታልህ ማኅተም ግን የጎብኚ ማኅተም ነው። ዘመድ ልትጠይቅበት ወይም ስብሰባ ልትካፈልበት ትችላለህ፤ ደመወዝ ልትበላበት ግን አትችልም። ለቅጥር የሚሰጠው ፈቃድ «ክፍል ዲ» ይባላል፤ ማመልከቻውን የሚያቀርበውም ቀጣሪው ነው። ቀጣሪው ይህን ሙያ ከአገሬው ሰው ለምን እንዳላገኘ ማስረዳትና ከአንተ ጎን ሆኖ ሥራውን የሚለምድ ኬንያዊ ማሳየት ይጠበቅበታል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ባለመሆኗ፣ ለሩዋንዳና ለኡጋንዳ ሰዎች የቀለለው ነገር ለእኛ አልቀለለም፤ አንዳንድ ቀጣሪዎችም ይህን ልዩነት በውል አያውቁትም። የአንተዎቹ «ቪዛ አያስፈልጋችሁም» ማለታቸው ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በእኔ የደረሰውን ልንገርህ። የመጀመሪያው ቀጣሪዬ ልክ እንዳንተ አንቀጽ የመሰለ ቃል ጽፎልኝ ነበር። ገባሁ፣ ሥራ ጀመርኩ፤ በየሳምንቱ ስጠይቅ «ፋይልሽ እየታየ ነው» እባላለሁ። በአምስተኛው ወር የድርጅቱ ገንዘብ ሲመናመን ከስድስት ሰዎች ጋር ተቀነስኩ። የመጨረሻ ወር ደመወዜን ለመጠየቅ ጠበቃ ዘንድ ስሄድ፣ ጠበቃዋ ያነሳችልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «የሥራ ፈቃድሽን አሳዪኝ» የሚል ነበር። የማሳየው አልነበረኝም። በኋላ እንደተረዳሁት ማመልከቻው ጭራሹን አልገባም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ የሠራን ሰው እስከ 500,000 ሺልንግ በሚደርስ ገንዘብ ወይም እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ያለ ፈቃድ የሚያሠራም ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን አገሬው ቤቱ ነው፣ እንግዳው አንተ ነህ። ደመወዜን ትቼው ወጣሁ።

እንግዲህ መንገደኛ «ወረቀቱ በኋላ መጣላቸው» ሲል የመጣላቸውን ቆጥሮ ነው። ያልመጣላቸው ሰዎች ስለማያወሩ ታሪካቸው አይሰማም።


የአዌቱ ልጅ፦

እኅቴ፣ ስለደረሰብዎት ነገር ከልብ አዝናለሁ፤ ስላካፈሉኝም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ፈቃዱ ከወጣ በኋላስ? ሥራው ባይስማማኝ ወይም የተሻለ ባገኝ በዚያው ፈቃድ ወደ ሌላ ድርጅት መዛወር ይቻላል?


እኅት ከናይሮቢ፦

አይቻልም። ክፍል ዲ የሚጻፈው በአንተና በዚያ ቀጣሪ ስም ነው፤ ቀጣሪ ከለወጥክ አዲሱ ቀጣሪ እንደገና ያመለክታል። ስለዚህ ደመወዝ ከመደራደርህ በፊት የሙከራ ጊዜውን አንቀጽ አንብብ። በኬንያ የቅጥር ሕግ የሙከራ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፣ በስምምነትም ይራዘማል፤ በዚያ ወቅት በሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። ለአገሬው ልጅ ሰባት ቀን ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ነው። ላንተ ግን ሥራው ሲሄድ አገሪቱ ውስጥ የመቆየት መብትህም አብሮት ይሄዳልና፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ቢያንስ ወደ አንድ ወር ከፍ አድርጉልኝ ብለህ ጠይቅ። እኔ በሁለተኛው ሥራዬ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ሲጠይቋቸው የሚቆጡ ሰዎች አይደሉም፤ እኛ ግን መጠየቅን እንደ ድፍረት አድርገን ስላደግን ብዙ ነገር ያመልጠናል።

ሌላው፣ «የራስህን ድርጅት አስመዝግብና በባለሀብት ፈቃድ ግባ» የሚሉ ደላሎች ያጋጥሙሃል። የባለሀብት ፈቃዱ ክፍል ጂ ነው፤ ቢያንስ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ይጠይቃል። ያንን በትንሽ ገንዘብ እናወጣልሃለን ካሉህ የሚሸጡልህ ሐሰተኛ ወረቀት ነው።


ደብተር ያዥ፦

በሒሳብ ሥራ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቻለሁና ስለ ደመወዙ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር በብር መንዝሮ ይደሰትና የመጀመሪያው ወር ሲደርስ ይደነግጣል።

ከ250,000 ሺልንግ ላይ መጀመሪያ ለማኅበራዊ ጤና መድኅን 2.75 በመቶ ማለትም 6,875፣ ለቤቶች ልማት መዋጮ 1.5 በመቶ ማለትም 3,750 ይነሣል። የቀረው 239,375 ግብር ይቆረጥበታል። የመጀመሪያው 24,000 በ10 በመቶ፣ ቀጣዩ 8,333 በ25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ድረስ ያለው በ30 በመቶ ይሰላል፤ በየወሩ የአገሪቱ ነዋሪ ለሆነ ግብር ከፋይ የሚታሰበው የ2,400 ሺልንግ ቅናሽ ሲነሣለት ግብሩ 64,196 ገደማ ይመጣል። በእጅህ የሚገባው ወደ 175,000 ሺልንግ ነው፤ ከዚህም ላይ የጡረታ መዋጮ አለ፤ እርከኑ በየጊዜው ከፍ ስለሚል ለጊዜው ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።

በዚህ ገንዘብ ብቻውን የሚኖር ሰው በደህና ይኖራል፣ ለእናቱም ይልካል። ነገር ግን ቤት ስትከራይ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና በተለምዶ የአንድ ወር ማስያዣ በአንድ ጊዜ ትከፍላለህ፣ ደመወዝ ደግሞ የሚከፈለው ወሩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የሁለት ወር መኖሪያ በእጅህ ሳይኖር እንዳትነሣ። የማቋቋሚያ ክፍያ አለ ወይ ብለህም ጠይቃቸው፤ ደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው።


መምህር ከኪቶ፦

የአዌቱ ልጅ፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም ከተማሪዎቻችን አንዱ መሆንህን ተረድቻለሁና ስለ ማስረጃህ ላስታውስህ። ፈቃዱ ሲጠየቅ የትምህርት ማስረጃ አብሮ ይቀርባል። ብዙ ተመራቂዎች ቤታቸው ያለው ጊዜያዊ ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው፤ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድም ሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ የወጪ መጋራት ዕዳህን መክፈልህን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃለህ። ደመወዝተኛ ሆነህ ከቆየህ በየወሩ ሲቆረጥብህ ቆይቶ ይሆናል፤ ግን የቆረጠው መሥሪያ ቤት ገቢ ማድረጉን በደረሰኝ አረጋግጥ። ቆርጦ ገቢ ያላደረገ ቀጣሪ ገጥሟቸው ሬጅስትራር ደጃፍ ላይ ያለቀሱ ልጆች አይቻለሁ። ከዚያም ማስረጃውን አዲስ አበባ ወስዶ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ማረጋገጥ አለ። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዲት ማኅተም ጎድላብህ ሁለተኛ እንዳትመላለስ ሰነዶችህን በሙሉ አንድ ላይ ይዘህ ሂድ።

ስለ መሄድህ የሚሰማኝን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። የቡና ማሳ መመዝገቢያውን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ጥቂት ነው። በማና እና በጎማ ወረዳዎች ገበሬው ማሳ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሳተላይት እስኪይዝለት የጠበቀ ልጅ፣ ያንን ዕውቀት ይዞ ሲሄድ የሚተካው በአንድ ሴሚስተር አይወጣም። ሆኖም በስድስት ወር የሚያልቅ ውል እየሰጠን ቆይልን ማለት አንችልምና፣ ሂድ ብዬ እመርቅሃለሁ። ከዚያ ሆነህ ለታናናሾችህ በሳምንት አንድ ሰዓት በኢንተርኔት ብታስተምር ደግሞ ክፍሉን እኔ አዘጋጃለሁ።


የአዌቱ ልጅ፦

መምህር፣ ምርቃትዎን ተቀብያለሁ። ስለ ትምህርቱም ቃል እገባለሁ። የወጪ መጋራቱን ጉዳይ ባያነሡልኝ ኖሮ ፈጽሞ አላስታውሰውም ነበር፤ ደረሰኞቹ የት እንዳሉ ዛሬ ማታ እፈልጋለሁ።


የተመለሰው (ጅማ)፦

እኔ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ሠርቼ አባቴ ሲታመም የተመለስኩ ነኝ። አሁን ኮቺ አካባቢ ሆኜ እዚያው ናይሮቢ ላለው ድርጅት በርቀት እሠራለሁ። ስለዚህ ጥያቄህን ትንሽ ላስፋው፦ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ለምን ከጅማ ሆነህ አትጀምርላቸውም? የሰዓት ልዩነት የለንም፤ ስብሰባቸው ስብሰባህ ነው።

ይህ መንገድ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን አልመክርህም ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ እኔ ለአንድ የውጭ ደንበኛ ልሰጠው የነበረ ሥራ ላፕቶፔ ውስጥ አልቆ ተቀምጦ ነበር። መላኪያ አልነበረኝም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያነበብኩት የመጀመሪያ ኢሜይል የስንብት ደብዳቤ ነበር። ያ ሥጋት ዛሬም ከልቤ አልወጣም፤ ለዚህም ነው ከቀጣሪዬ ጋር በጻፍነው ውል ውስጥ «ከሠራተኛው ቁጥጥር ውጪ በሆነ የኢንተርኔት መቋረጥ ውሉ አይፈርስም» የሚል ቃል ያስገባሁት። አንተም አስገባ።

የገንዘቡ ነገር ግን ተሻሽሏል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ በኩል የመጣ ዶላር ተገድዶ በአነስተኛ ዋጋ ይመነዘር ስለነበር ሰው ሁሉ ወደ ጥቁር ገበያ ይሮጥ ነበር። የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ በሕጋዊ መንገድ ለሚመጣ ገቢ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዷል። እኔ ከፍቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር አስተክያለሁ፤ የክረምቱ ዝናብና ነጎድጓድ ሲበረታ ያለዚያ መሥራት አይቻልም።


መንገደኛ፦

እኅት ከናይሮቢ የጻፉትን ደግሜ አነበብኩት። የማውቃቸው ልጆች ያልኩት አራት ናቸው፤ አንደኛው የት እንደደረሰ ከዓመት በላይ አላውቅም። ዛሬ እህቱን ደውዬ እጠይቃታለሁ። የአዌቱ ልጅ፣ የቅድሙን ምክሬን ተወው።


የአዌቱ ልጅ፦

መንገደኛ፣ ስለ ልጁ የሚሰሙትን ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።

የተመለሰው ያለው ሐሳብ በጣም ገብቶኛል። እኅቴ፣ ሰባተኛውን አንቀጽ እንዲለውጡልኝ ልጽፍላቸው ነው፤ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት አድርገው ይጽፉት ነበር? ደግሞም ከእናቴ የተላከ ጥያቄ አለ፦ «እዚያ ሰዉ እንዴት ነው? አየሩስ? ቋንቋውን ሳታውቅ እንዴት ትኖራለህ?» ብላለች።


እኅት ከናይሮቢ፦

መጀመሪያ አንቀጹ። እኔ ለሁለተኛው ቀጣሪዬ ያቀረብኩት በአማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ነው፦ «ሠራተኛው ናይሮቢ ተገኝቶ ሥራ የሚጀምረው የክፍል ዲ የሥራ ፈቃድ በስሙ ከወጣ በኋላ ነው። የፈቃዱን ማመልከቻ የሚያቀርበውና ክፍያውን በሙሉ የሚሸፍነው ቀጣሪው ነው። ውሉ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ ይህ ክፍያ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ አይቀነስም።» ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት፤ ከወጪው ይልቅ ሰዎችን ጠፍሮ የያዛቸው የእርሷ አለመኖር ነው። ማመልከቻው ሲገባም የገባበትን ማረጋገጫና ቁጥሩን በስምህ እንዲልኩልህ ጠይቅ። «ፋይልህ እየታየ ነው» የሚል ቃል ብቻ አትቀበል።

ለእማማ ደግሞ እንዲህ በልልኝ። ናይሮቢና ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ከ1,700 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ልጅዎን አይጥለውም። ቢሮ ውስጥ እንግሊዝኛ ይበቃዋል። ስዋሂሊውን ከታክሲና ከገበያ ይለቅመዋል። ኢስትሊ የሚባለው ሰፈር ሲሄድ አፋን ኦሮሞና አማርኛ መንገድ ላይ ይሰማል፣ እንጀራም ይገኛል፤ እንደ እማማ እጅ ግን አይደለም።

በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሆነውን ላጫውትህ። የቤት ዕቃ ሊያመጣልኝ የተስማማው ሾፌር «ሳ ምቢሊ እመጣለሁ» አለኝ። ምቢሊ ሁለት መሆኑን ስላወቅሁ ፈረንጆቹ ሁለት የሚሉትን ከሰዓት በኋላ መስሎኝ ተኝቼ ሳለሁ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። በሩን ከፍቼ ሰዓቴን ሳሳየው፣ «ታዲያ ጠዋት ሁለት ሰዓት አይደል?» አለኝ። በዚያ ከተማ ቤቴ ያለሁ የመሰለኝ የመጀመሪያዋ ቀን እርሷ ነበረች።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። የኬንያ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ የላፕቶፕህ ቻርጀር አይገባም፤ ማስማሚያ ያስፈልግሃል። የኢትዮጵያ ሲም ካርድህን በሮሚንግ አስከፍተህ ያዝ፤ ቁጥሩ ከተዘጋ ባንክህ በአጭር መልእክት የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር አይደርስህምና ገንዘብህ እያለ አታንቀሳቅሰውም። ለእማማ ጉዳይ የሚሮጥ ሰው እንዲኖር ደግሞ ከመሄድህ በፊት ለአንድ የምታምነው ዘመድ ውክልና ስጥ።


የአዌቱ ልጅ (ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ)፦

ውጤቱን ላሳውቃችሁ ብዬ ተመለስኩ። እኅት ከናይሮቢ የሰጡኝን አንቀጽ ከአጭር ደብዳቤ ጋር ላክሁ። ለአምስት ቀን መልስ አልመጣም። በእነዚያ ቀናት ያለ እንቅልፍ እንዳደርኩ ለምን እደብቃለሁ፤ እናቴ እንኳ ሌሊት ተነሥታ ሻይ አፍልታልኝ ታውቃለች። በስድስተኛው ቀን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደወለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንደተጻፉ ተቀብለዋል። ሦስተኛዋ ላይ፣ «በመጀመሪያው ዓመት በራስህ ፈቃድ ከለቀቅህ ግማሹን ትመልሳለህ» በሚል ሊለውጧት ይፈልጋሉ፤ እነርሱ ካሰናበቱኝ ግን ምንም አልከፍልም። ይህ ለእኔ ፍትሐዊ ሆኖ ስለታየኝ ተስማምቻለሁ። የማስጠንቀቂያ ጊዜውም ሠላሳ ቀን ሆኗል። የማቋቋሚያ ክፍያ ግን የለም ብለዋል።

ፈቃዱ እስኪወጣ ከጅማ ሆኜ በአገልግሎት ውል እሠራለሁ፤ የኢንተርኔት መቋረጥን የሚመለከተውን ቃል አስገብተውልኛል። የወጪ መጋራት ደረሰኞቼ ውስጥ የሰባት ወሩ ጠፍቶ ነበር፤ የቀድሞ ቀጣሪዬ ዘንድ ሄጄ ቅጂውን አግኝቻለሁ።


መንገደኛ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ያ ልጅ ተገኝቷል፤ ሞያሌ በኩል ተመልሶ ያቤሎ ነው ያለው፤ በሰላም ነው። ይህን ክር ልኬለታለሁ።


መምህር ከኪቶ፦

የትራንስክሪፕት ጥያቄ የሚቀበሉት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ይበዛል። መታወቂያህንና የደረሰኞቹን ዋናውንም ቅጂውንም ይዘህ ና።


የአዌቱ ልጅ፦

እሺ መምህር። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሬጅስትራር በር ላይ እገኛለሁ።